በጉሮሮው ላይ የተተከሉ ቅርንጫፎች

ፔራ ሐይቅ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1974

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለታይሚ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ ሄልቪ እንደምን አለች? እኔ አያትሽ ኦይቫ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ አራት ጥርስና አንድ ጎረቤት ቀርተውኝ፣ አምስቱም እየተነቃነቁ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

የገና ደብዳቤሽ እጄ የገባው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ፖስታ ቤቱን አትውቀሺ። ፖስታ ሣጥኑ ያለው በሐይቁ ማዶ፣ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ሱቅ በር ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ በበረዶ መንሸራተቻው በስኪ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ብርዱ እንዲህ አጥንት ሲሰብር ሰባት ኪሎ ሜትር የሚያስኬደኝ ደብዳቤ የሚመጣው ካንቺ ሳይሆን ከሌላ ቆንጆ መሆን ነበረበት።

ጎረቤቴ ኔስቶሪ አሁንም ዕድሜዬን ያራዝምልኛል። ባለፈው ሳምንት በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ አገኘኝ።

«ኦይቫ፣ ዓሣ አለ?»

«የለም።»

«ከሰሜኑ ድንጋይ ጋስ?»

«እዚያማ በረዶው ክፉ ነው። ባትሄድ ይሻልሃል።»

«እንግዲያው ያለው እዚያ ነው» ብሎ እየሮጠ ሄደ። ቀኑን ሙሉ በአጋዘን ቆዳው ላይ በደረቱ ተኝቶ በረዶው ላይ በበሳው ቀዳዳ ቁልቁል ሲያፈጥ ዋለ። አንድ አላገኘም። እኔ እዚህ ደጄ ላይ አምስት ትራውት ዓሣ አወጣሁ። ከተማ ገብተሽ ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ፤ እዚህ አገር ሰው ዓሣ ያለበትን ቦታ ሲደብቅ «በረዶው ክፉ ነው፣ ሰው አይሸከምም» ይላል፤ ሰሚውም ውሸት መሆኑን ስለሚያውቅ ቀጥ ብሎ ወደዚያው ይሄዳል። እኔ ደግሞ ያንን ስለማውቅ ዓሣ ወደሌለበት እልከዋለሁ።

ፀደይ ሳይደርስ አንድ ነገር ብትልኪልኝ። ጀርባቸው አረንጓዴ የሆነ የናስ የዓሣ ማባበያዎች በናንተ ከተማ ይሸጣሉ አሉ። መንጠቆውን በደንብ ጠቅልይው፤ ባለፈው በላክሽው ያጠመድሽው ትራውት ሳይሆን አውራ ጣቴን ነው።

የሰማዩ አባት እንደ ዐይኑ ብሌን ይጠብቅሽ።

አያትሽ ኦይቫ

---

ጎተንበርግ፣ ማርች 11 ቀን 1974

ለተወደዱ አያቴ ለኦይቫ፣

ሰላምና ጤና ከላይ ይብዛልዎ። ማባበያዎቹን ልኬያለሁ፤ በሦስት ፎጣ ነው የጠቀለልኳቸው። እኔ ደህና ነኝ፤ በፋብሪካው የመኪና ወንበር መስፋቴን ቀጥያለሁ።

እናቴ ግን ደህና አይደለችም። በሳንባዋ የጀመረው ካንሰር አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ «በጋውን…» አለና ሳይጨርስ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። እርሷም ገብቷታል። አሁን በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ቬይኮ ለምን ጥሎኝ ሄደ?»

አያቴ፣ አባቴ፣ ልጅዎ ቬይኮ፣ ሐይቁ በሚጠብበት በጉሮሮው ላይ በረዶው ከድቶት ከሰጠመ በሚቀጥለው ወር ስምንት ዓመት ይሆነዋል። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉን አስታውሳለሁ። አደገኛ በረዶ የሚያመለክቱት የጥድ ቅርንጫፎች ቆመው ነበር። ሰው በአፉ ይዋሻል፣ በጥድ ቅርንጫፍ ግን የሚዋሽ የለም፣ በረዶ ላይ ተተክሎ ካየሽው ከዚያ ወዲያ ሞት ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የአባቴ የስኪ ዱካ ግን በሁለት ቅርንጫፎች መሃል ቀጥ ብሎ አለፈ። ቄሱም አየው፣ ኔስቶሪም አየው። መንደሩ «ሰክሮ ነበር» አለ። በቀስታ ሲያወሩ ደግሞ «መኖር ሰልችቶት ነበር» አሉ። እናቴ በቀስታ የተወራውን አመነች። ወደ ስዊድን የመጣነውም ከዚያ ወሬ ሽሽት ነው። ስምንት ዓመት «በእኔ ምክንያት ነው» እያለች ኖራለች።

ለመጨረሻ ጊዜ ያናገሩት እርስዎ ነዎት። ያን ቀን ምን አለዎት? ጥሩም ይሁን መጥፎ ይጻፉልኝ። በመጨረሻዋ ሰዓት ቁርጡን ታውቅ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ታይሚ

---

ፔራ ሐይቅ፣ ማርች 22 ቀን 1974

ለልጅ ልጄ ለወንበር ሰፊዋ ለታይሚ፣

ሰላምታዬ በሦስት ፎጣ ተጠቅልሎ ይድረስሽ። ማባበያዎቹ እንዴት ያምራሉ። ኔስቶሪ ሲያያቸው ምራቁን ዋጠ፤ «ከጀርመን አገር የመጡ ናቸው፣ ዓሣው ራሱ ከፍሎ ነው የሚበላቸው» አልኩት።

የእናትሽን ሕመም ሰማሁ፤ ፈጣሪ ይማራት። ሄልቪ ግን ሲፈጥራትም ለሐዘን ነው። በሠርጓ ቀን እንኳ ፊቷን ያየ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ጠይቋል፤ ጠያቂው እኔ ነበርኩ። እንዲህ ያለች ሴት የምታዝንበት ነገር ብታጣ ከጎረቤት ትበደራለች።

ቬይኮ ያን ቀን ምን አለ ላልሽው፣ «ዓሣ አለ?» አለ። እኔም «የለም» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? አባትሽም እኔም በረዶ ላይ ብዙ የምናወራ ሰዎች አይደለንም። ስምንት ዓመት የቆየ ነገር ባይነካካ ጥሩ ነው።

ደግሞ ዐይኔ እየደከመ ነው፤ ማንበቢያ መነጽር ብትልኪልኝ። ክቡን ሳይሆን አራት ማዕዘኑን፤ በክቡ ጉጉት እመስላለሁ።

በረከት ካንቺ ጋር ይሁን።

አያትሽ ኦይቫ

---

ጎተንበርግ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1974

ለአያቴ ለኦይቫ፣

ጤና ይስጥልኝ። መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ አራት ማዕዘን ነው።

ደብዳቤዎን እናቴ «አንብቢልኝ» አለች። ስለ ሠርጉ ያሉትን ዘልዬ ላልፍ ስል «ቆም አልሽ፤ ዘለልሽ» አለችኝ። አነበብኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እስከ ማታም አልመለሰችውም። እርስዎ ይህን ሲጽፉ ስቀው ይሆናል።

አሁን ጥያቄዬን እንዳያመልጡኝ አድርጌ እጽፈዋለሁ። አባቴ ያን ቀን ጠጥቶ ነበር ወይ? ቅርንጫፎቹን የተከለው ማን ነው? ስለ ጉሮሮው በረዶ ነገሩት ወይስ አልነገሩትም? ሲነገረውስ ምን አለ?

ሐኪሙ እስከ ሜይ አጋማሽ ብሏል። እባክዎ ሳይዘገዩ ይጻፉ።

ታይሚ

---

ፔራ ሐይቅ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1974

ለልጅ ልጄ ለመርማሪዋ ታይሚ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለበሽተኛዋም ምሕረት። ዘግይቻለሁ። ዘንድሮ ትራውቱ አብዷል። ሌሊት በረዶው እንደ ብረት ይጠነክራል፣ ቀን ፀሐይዋ ፊት ታቃጥላለች፤ ሸሚዝ ብቻ ለብሼ ነው የማጠምደው። በአረንጓዴው ማባበያ ሦስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን አወጣሁ። ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ዓሣ ይጠራኛል፤ ዓሣ ደግሞ እንዳንቺ አይቆጣም።

መነጽሩ ጥሩ ነው። በመነጽሩ ጥያቄዎችሽን አንድ በአንድ አየኋቸው።

እሺ፤ ጠጥቶ ነበር። ለእናትሽ እንደዚያ በያት። ከሱቅ ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ ግማሹን መንገድ ላይ ጨርሶት ነበር። ቅርንጫፎቹን አላያቸውም። ሰክሮ የሄደ ባል ጥሎ ከሄደ ባል ይሻላል፤ በዚህ ትጽናና። የሞተ ሰው ሰካራም ቢባል አይከፋውም።

ወሬውን እዚህ ላይ እንዝጋው። ዘንድሮ በረዶው ቶሎ የሚለቅ ይመስላል፤ ከለቀቀ በኋላ ውሃው ከበረዶ ስባሪ ጥርት እስኪል ሦስት ሳምንት ያህል ለእግርም ለጀልባም አይሆንም፤ ደብዳቤ ካላገኘሽ አትደንግጪ።

በጸሎትሽ አስቢኝ።

አያትሽ ኦይቫ

---

ጎተንበርግ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1974

አያቴ፣

እንደምን አሉ? «ጠጥቶ ነበር» ያሉትን ለእናቴ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«ቬይኮ?» አለችኝ። «ከተጋባን ጀምሮ ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። ስለ ለመንኩት ተወው፤ አባቱም ይህን ያውቃል።» ከዚያ፣ «ኦይቫ የገዛ ልጁን ሰካራም ብሎ ስም የሚያጠፋው የባሰውን ሊሸፍንልኝ ነው። አዘነልኝ ማለት ነው። እንግዲህ እውነት ነበር፤ ቬይኮ አውቆ ነው የሄደው» አለች።

ይኸው ነው የሠሩልኝ። እስካሁን ትጠረጥር ነበር፣ አሁን እርግጠኛ ሆነች። ምግብ ትታለች።

እለምንዎታለሁ። በረዶው ሳይለቅ አንድ ገጽ ይጻፉ። ግማሽ ገጽም ይበቃል።

ታይሚ

---

ፔራ ሐይቅ፣ ሜይ 8 ቀን 1974

ልጄ ታይሚ፣

ደብዳቤሽን ሜይ 3 ኔስቶሪ በመጨረሻው በረዶ ላይ ይዞልኝ መጣ። ገና ጎሕ ሲቀድ ነው የተነሣው፤ ፀሐይ ሳትሞቅ መመለስ ነበረበት። በሩ ላይ ቆሞ፣ «መልስ ካለህ ጻፍ፤ እጠብቅሃለሁ። ከዛሬ በኋላ የሚሻገር የለም» አለኝ። አነበብኩት። «የምጽፈው የለኝም፤ ሂድ» አልኩት። «ሽማግሌ ነህና ዝም ልበልህ» ብሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ በረዶው ከዳር ተላቀቀ። ከዚያ ጀምሮ አምስት ቀን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብዳቤሽን እያየሁ ተቀምጫለሁ። አሁን የምጽፈው ጀልባ እስኪሄድ እዚሁ ይተኛል። ቢሆንም ልጻፍ። ቀልድ የለበትም፤ አጻጻፌ ቢከፋ ስላልለመድኩት ነው።

ቬይኮ ከመሞቱ ዓመት በፊት፣ በዚሁ በፀደይ፣ ከደሴቱ ጀርባ ትራውቱ እንደ ጉድ ይያዝ ነበር። ኔስቶሪ ጠረጠረ። በአፍ ብዋሸው እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ስድስት የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጬ በቀዳዳዬ ዙሪያ ተከልኩ። በረዶው ፈረስ ከነጋሪው ይሸከም ነበር። ኔስቶሪ መጣ፣ ቅርንጫፎቹን አየ፣ ቆቡን አውልቆ ትንሽ ቆመ፣ ዞሮ ሄደ። ወር ሙሉ በሩቁ ሲዞር ከረመ። እርሱ ሲሄድ እኔ ገብቼ አጠምዳለሁ። ለቬይኮ ብቻ ነገርኩት። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። «አባዬ፣ ለዚህስ ሲኦል ትገባለህ» አለኝ።

በዓመቱ ኤፕሪል 17 ጠዋት ጉሮሮው ላይ በረዶውን በመጥረቢያ ብመታው በአንድ ምት ውሃ አወጣ። ጅረቱ ከሥር በልቶት ነበር። ስምንት ቅርንጫፍ ተከልኩ። የእውነት። ከሰዓት በኋላ ቬይኮ ከመንደር መጣ። ደጅ ላይ ዓሣ እያጸዳሁ ነበር።

«አባዬ፣ ዓሣ አለ?»

«የለም።»

«ከጉሮሮው ጋስ?»

«እዚያ እንዳትሄድ። በረዶው ክፉ ነው፤ ቅርንጫፍ ተክያለሁ።»

«እንዳምናው?» ብሎ በዐይኑ ጠቀሰኝ።

እዚህ ላይ «አይ፣ የአሁኑ የእውነት ነው» ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ነው። እኔ ግን ሳቅሁ። ጨዋታው ደስ አለኝና ሳቅሁ። እየቀለደ ነው፣ ገብቶታል ብዬ አሰብኩ። እርሱ ደግሞ ሳቄን አይቶ ማረጋገጫ ያገኘ መሰለው። የበረዶ መብሻውን ተሸክሞ፣ «ለሄልቪ ትልቁን ይዤላት ነው የምገባው፤ ዛሬ ማታ ቅቤውን ታዘጋጅ» እያለ ሄደ። ቡና ጣድኩ። ቡናው ፈላ፣ ቀዘቀዘ።

አልጠጣም። መኖርም አልሰለቸውም። እየሳቀ ነው የሄደው።

ለምን እስካሁን ዝም አልክ ትይኛለሽ። በቅርንጫፍ የዋሸ ሰው እዚህ አገር ሰላም የሚለው የለም። ልጄን ሰካራም ቢሉት፣ ነፍሱን ያጠፋ ቢሉት፣ እርሱ አይሰማም፤ እኔ ግን ገና የምኖር ነኝ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

ለእናትሽ አንብቢላት።

ኦይቫ

ሜይ 27። ዛሬ ጀልባ አወረድኩ። ይኸው ሣጥኑ ውስጥ ልከተው ነው።

---

ጎተንበርግ፣ ጁን 9 ቀን 1974

ኦይቫ፣

እናቴ ሜይ 19 ሞተች።

በየቀኑ «የኦይቫ ደብዳቤ መጣ?» ትል ነበር። ሜይ 16 ጠዋት መልኳን ሳየው መጠበቅ አቃተኝ። «መጣ» አልኳት። የድሮ ደብዳቤህን፣ የሦስት ኪሎ ተኩሉን ዓሣ ደብዳቤ፣ ከቦርሳዬ አወጣሁና ያላለውን አነበብኩላት። «ቬይኮ ያን ቀን አልጠጣም ነበር። በረዶው ክፉ ነው አልኩት፤ እንደ ሁልጊዜው ዓሣዬን ልደብቅ የዋሸሁት መሰለው። እየሳቀ ነው የሄደው። ለሄልቪ ዓሣ ይዤ እመጣለሁ ብሏል።» ከራሴ ነው የፈጠርኩት። ዐይኗን ጨፍና ሰማች። ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች።

ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ተለየብኝ፤ የተጻፈ ነገር አልነበረማ። ዐይኗን ገለጠች።

«ታይሚዬ፣ ይሄስ ያንቺ ነው» አለችኝ። «ኦይቫ በዕድሜው እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር ጽፎ አያውቅም።» እጄን መታ መታ አደረገች፤ እኔን ልታጽናናኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ አባቴ አላነሣችም።

የአንተ ደብዳቤ ጁን 1 ደረሰኝ። ቃሉ ከእኔ ውሸት ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ኔስቶሪ በርህ ላይ ቆሞ ሲጠብቅህ ጽፈህ ብትሰጠው ኖሮ ሜይ 10 እጄ ይገባ ነበር። ቀኑን ቆጥሬዋለሁ። በእጅ ጽሕፈትህ አይታው ታምን ነበር።

ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ቀርቷል። አባቴ ሰካራምም፣ ነፍሱን ያጠፋም አልነበረም። ይህን ሱቁ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ በአፍህ ተናገር። የተከልከውንም የሳቅከውንም። ሳትናገር እንዳትጽፍልኝ።

ታይሚ

---

ፔራ ሐይቅ፣ ጁላይ 2 ቀን 1974

ልጄ ታይሚ፣

ለሄልቪ ነፍስ ዕረፍት ይሁንላት፤ ላንቺ መጽናናት። «አንተ» ብለሽኛል፤ እንዲያውም ቆይተሻል።

ቅዳሜ ዕለት ሱቁ ሄድኩ። ፖስታ የሚያመጣውን አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሞልቶ ነበር፤ አሥራ አራት ቆጠርኩ። ኔስቶሪ በጨው ጆንያው ላይ ተቀምጧል። ባለ ሱቋ ኬርቱ ዓይብ ትቆርጣለች። «የምናገረው አለኝ፤ ስለ ቬይኮ ነው» አልኩ። ወደ እኔ ዞሩ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስድስቱን ቅርንጫፍ፣ ኔስቶሪ ቆቡን አውልቆ እንደ ቀብር መቆሙን፣ ወር ሙሉ ደሴቱን ሲዞር አፍንጫው በፀሐይ መላጡን። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ አሳምሬ ተናገርኩት። አፌ ሌላ አነጋገር አያውቅም። አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ኔስቶሪ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ «ተልጧል፣ እውነት ነው፣ ተልጧል» አለ። ቬይኮ ጠቀሰኝ፣ እኔም ሳቅሁ የምለው ላይ ስደርስ ሁሉም እየሳቁ ነበር። እኔ ስለ ሳቄ ስናዘዝ እነርሱ ይስቃሉ።

«አትሳቁ» አልኳቸው። «እውነት ነው። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ሳቃቸው ቆመ። ኔስቶሪ ተነሥቶ ትከሻዬን ያዘ።

«ስማኝ ኦይቫ» አለኝ። «ያን ዓመት ከደሴቱ ጀርባ ቅርንጫፎቹን አይቻለሁ፤ በረዶው ክፉ ነበር። በቅርንጫፍ የሚዋሽ ሰው አልተፈጠረም፤ አንተም ብትሆን። የልጅህን ስም ልታነጻ ብለህ ነው። ገብቶናል።»

«በረዶው ፈረስ ይሸከም ነበር እኮ።»

«እሺ ይሁን፤ ይሸከም ነበር።»

«ኔስቶሪ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ እልሃለሁ።»

«አንተ ነህ፤ አዎ» አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብሉት። ኬርቱ ዐይኗን በሽርጧ ጠረገች። «የልጁ ሚስት ከሞተች ወዲህ እንኳ ይዋሽለታል፤ አባት ማለት ይሄ ነው» አለች። ሩብ ኪሎ ዓይብ በነፃ ጠቀለለችልኝ። ሁለት ሰዎች እጄን ጨበጡኝ።

እንግዲህ ያልሽኝን አድርጌያለሁ። ቬይኮ ለእነርሱ እንደ ነበረ ነው፤ እኔ ደግሞ ከበፊቱ የተሻልኩ ሰው ሆኛለሁ። ደብዳቤዬን መልሰሽ ላኪልኝ፣ ላሳያቸው ልል ነበር፤ ግን በእኔ እጅ የተጻፈውን ማን ያምናል?

ልወጣ ስል ኔስቶሪ በሩ ላይ ጠራኝ። በሚመጣው ቅዳሜ እንድመለስና ታሪኩን እንድደግመው ለመነኝ። ወንድሙ ከደቡብ ሊጠይቀው ይመጣል፤ አፍንጫው የተላጠበትን ቦታ ከእኔ አፍ መስማት አለበት አለኝ።

አያትሽ ኦይቫ